ሶፋውን ገፋ አድርጎ የሚሞከር ጌም፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ስለሆነ ዓምዱን ለእነሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ ቁጭ ብሎ ጣትን ብቻ ከማሯሯጥ ይልቅ እጅን፣ እግርን፣ አንዳንዴም መላ ሰውነትን በማንቀሳቀስ የሚጫወቷቸው፣ ለቤተሰብ ተብለው የሚሠሩ ቪዲዮ ጌሞች ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጥያቄ፦ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቼ ገና ለገበያ ያልቀረበ፣ ቆመው እየዘለሉ የሚጫወቱት የስፖርት ጌም በቪዲዮ አይተው «ይገዛልን» እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ቀድመው የሞከሩት ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ሁሉም ያወድሱታል። እኔም ከስልክ ላይ ተነሥተው ሰውነታቸውን ቢያንቀሳቅሱልኝ ደስ ይለኛል። ይህ እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ አሁን በገበያ ላይ ካሉት አንዱን ልግዛ? (እናት፣ ከልደታ)

መልስ፦ ቀድመው ሞክረው የሚጽፉት ሰዎች ዋሽተዋል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን እነሱ የሞከሩበት ስፍራና የእርስዎ ሳሎን አይመሳሰሉም። ያልወጣ ጌም ለጋዜጠኞች የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ አዳራሽ፣ ዙሪያው ዕቃ በሌለበት፣ አያያዙን የሚያሳይ የኩባንያው ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። ጸሐፊው ተራው ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ ይጫወትና ለሚቀጥለው ይለቃል። በእንቅስቃሴ የሚታዘዝ ጌም ደግሞ ከሁሉ የሚጥመው በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ እጅዎን ሲወነጭፉ ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ራኬቷን አብራ ስትወነጭፍ ማየት ኮስታራውን ሰው ሳይቀር ያስቃል። በሁለተኛው ሳምንት ጆይስቲኩ ከመሳቢያ ይውጣ አይውጣ ግን ያ ጽሑፍ ሊነግርዎ አይችልም።

አዳራሹ ራሱም ቢሆን ጉድ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። በ2010 ሎስ አንጀለስ ላይ ኢ3 በተባለው የቪዲዮ ጌም ዐውደ ርእይ ወቅት የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የኒንቴንዶ ጌም ነዳፊ ሽገሩ ሚያሞቶ ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ከ«ዜልዳ» ተከታታይ ጌሞች አንዱን፣ «ስካይዋርድ ሶርድ»ን፣ ሲያሳዩ ሰይፉ እጃቸውን አልከተል ብሎ ታዳሚ ፊት አስቸግሯቸዋል፤ ሰበቡም በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ገመድ አልባ መሣሪያዎች ጣልቃ መግባታቸው ነው ተብሎ ነበር። ጌሙ በ2011 ሲወጣ ግን ብዙ አድናቂ አገኘ። የዚህ ተቃራኒም ታይቷል። በ2009 ማይክሮሶፍት በኋላ ኪኔክት ተብሎ የተሰየመውን፣ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የሚከታተል ካሜራ ሲያስተዋውቅ ሚሎ ከሚባል ስክሪን ላይ ካለ ልጅ ጋር ሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር አሳይቶ ዓለምን ካስደመመ በኋላ፣ ያ ጌም ጨርሶ ለገበያ ሳይበቃ ቀርቷል። ስለዚህ በሙከራው ወቅት የታየውን ክፋትም ሆነ ውበት እንደ መጨረሻ ፍርድ አይውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ፍላጎትዎ፣ ማለትም ልጆቹን ከመቀመጫቸው ወደ ማስነሣቱ እንምጣ። የእኅቴ ልጅ ዊ የተባለውን የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ያገኘ ዕለት፣ አብሮት በመጣው «ዊ ስፖርትስ» ቴኒስ ሲጫወት ላብ በላብ ሆኖ፣ ሹራቡን አውልቆ፣ ካልሲው እያንሸራተተው ሳሎኑን ሲያካልል ዋለ። በሳምንቱ ስሄድ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ በግራ እጁ ዳቦ ይዞ፣ የቀኝ እጁን አንጓ ብቻ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ያንኑ ጨዋታ ሲያሸንፍ አገኘሁት። ልጁ አላጭበረበረም፤ መሣሪያውን ገባው እንጂ። በጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው የእጅን የፍጥነት ለውጥ ስለሆነ ባለቤቱ ይቁም ይተኛ አያውቅም፤ ወደ ኳሷ የሚሮጠውም ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች በራሱ ነው። ስዊች ለተባለው የኒንቴንዶ የኋለኛ ማጫወቻ በ2022 በወጣው «ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ» ቴኒስ ውስጥም ሩጫውን ጌሙ ራሱ ነው የሚሮጥልዎት። እንግዲህ ስለ አዲሱ ጌም የተጻፈ ሲያነቡ «ያስደስታል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ተቀምጦ ማሸነፍ ይቻላል ወይ?» የሚለውን ይፈልጉ። የሚቻል ከሆነ ልጆችዎ በሳምንት ውስጥ ይደርሱበታል።

በዚህ መስፈርት አሁን በገበያ ላይ ካሉት እኔ ከሁሉ የማስቀድመው በ2019 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣውን «ሪንግ ፊት አድቬንቸር» ነው። አንዱ ጆይ-ኮን (ከስዊች የሚነቀለው ትንሽ ጆይስቲክ) የመኪና መሪ በሚመስል ቀለበት ላይ ይገጠማል፣ ሌላው በማሰሪያ ጭን ላይ ይታሰራል፤ ቀለበቱ ሲጨመቅና ሲለጠጥ ይለካል፣ የጭኑ ደግሞ ባሉበት ቆመው የሚሮጡትን ሩጫ ይቆጥራል። እግር ካልተንቀሳቀሰ መንገዱ አያልቅም። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሩጫውን በጉልበት እጥፍ ዘርጋ የሚተካ ድምፅ አልባ አማራጭ ያለው መሆኑ ነው። የታች ቤት ጎረቤትዎ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ሳይደበድቡ በፊት ይህን አማራጭ ይክፈቱት።

ስለ ቦታው ስፋት ሜትር አያስፈልግዎትም። የሶፋውን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ይግፉና ትልቁ ልጅዎ መሐል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ ዙር ይዙር፤ ካልነካ ይበቃል። ረከቦቱ ግን ከዚያ ክብ ውስጥ ይውጣ፤ እኔ ይህን የተማርኩት በሁለት ሲኒ ኪሣራ ነው። የእጅ ማሰሪያ ገመዱንም እንደ ጌጥ አይዩት። ዊ በ2006 በወጣ ሰሞን ከሰው እጅ እያመለጡ ቴሌቪዥን የሚሰብሩ ጆይስቲኮች ወሬ ስለበዛ፣ ኒንቴንዶ 3.2 ሚሊዮን ያህል ማሰሪያዎችን በወፈረ ገመድ ለመተካት ተገዷል።

ጥያቄዎን በአጭሩ ለመመለስ፣ ያልወጣውን አስቀድመው አይክፈሉበት። ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ በቤታቸው ያጫወቱ ወላጆች የሚሉትን ይስሙና ያን ጊዜ ይወስኑ፤ ልጆቹ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ስሙን ረስተውት ከሆነ ገንዘብዎ ተረፈ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ይመጣል። ለልጆቼ «ወይ እኔ ጋ የተቀመጠውን አሮጌ ዊ፣ ወይ ስዊች፣ ወይ ደግሞ አዲሱን ስዊች 2 ላምጣ፤ ምረጥ» ብሎኛል። የቱን ልበለው? (አባት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከምርጫው በፊት ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን እንዲያነብልዎ ይንገሩት። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የዊ አዳፕተር ደግሞ ለ120 ቮልት ብቻ የተዘጋጀ ነው። አንድ ዘመዴ እንዲህ ያለ የቆየ ዕቃ «መቼስ ይሠራል» ብሎ ሰክቶት፣ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞልቶት ጨዋታው ሳይጀመር አልቋል። የስዊች ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። ዊን የግድ ካሉ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ በዚያ ላይ ዊ የአንዱን ክፍለ ዓለም ዲስክ በሌላው መሣሪያ ላይ አያጫውትም፣ ስዊች ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም።

ዊ ሲነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ከቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው «ሴንሰር ባር» ስሙ ነው እንጂ ምንም አይለካም፤ በሁለት ጫፎቹ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚረጩ አምፖሎች ብቻ አሉት፣ የሚያየው ካሜራ ያለው ጆይስቲኩ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ባሩ ቢጠፋብዎ ሁለት ሻማ አራርቀው ቢያበሩ ይሠራል። እኛ ሻማ የምናበራው ግን ቴሌቪዥኑም አብሮ በጠፋበት ሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የከሰዓት ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት ካለም መጋረጃውን ይዝጉ፤ ካሜራው ፀሐይዋን ከአምፖሎቹ ጋር ያምታታል።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ በ2017 የወጣውን መደበኛውን ስዊች ይምጣልዎ እላለሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳ የራሱ ስክሪንና ባትሪ ስላለው ጠረጴዛ ላይ አቁመው ይቀጥላሉ። ወንድምዎ ሲገዛ በርካሽነቱ ተስቦ «ስዊች ላይት» የሚባለውን እንዳያመጣ አጥብቀው ያሳስቡት፤ እሱ ጆይ-ኮኖቹ የማይነቀሉ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የማይገናኝ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ አይሆንም።

ስዊች 2 በሰኔ 2025 በ450 ዶላር ወጥቷል፤ ጆይ-ኮኖቹን አጋድሞ እንደ ኮምፒውተር ማውዝ መግፋት የሚቻል መሆኑ አዲሱ ነገሩ ነው። ለዚሁ ተብሎ በነሐሴ 2025 የወጣውን «ድራግ ኤክስ ድራይቭ» የተሰኘውን የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ጌም ሞክሬዋለሁ። ሁለቱን ጆይ-ኮኖች ጭን ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ወደ ፊት እየገፉ የዊልቸሩን ጎማ ያሽከረክራሉ፣ ለመምታት እጅ አንሥተው ይወረውራሉ። ብልሃቱ በጣም ያስደንቃል፤ አንዱን እጅ ገትቶ በሌላው ገፍቶ መታጠፍ ሲለምዱት እውነተኛ ጎማ የያዙ ይመስላል። ነገር ግን ጂንስ ሱሪ ላይ ጥሩ ሲንሸራተት በልብስ እጥፋት ላይ ይይዛል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ ዝሎ አስቀመጥኩት፣ በአንድ መሣሪያ ላይ የሚጫወተውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ለቤተሰብ አይሆንም። ስዊች 2 አብዛኞቹን የስዊች ጌሞች ቢያጫውትም አዲሶቹ ጆይ-ኮኖች ከላይ በጠቀስኩት የ«ሪንግ ፊት» ቀለበት ላይ አይገጠሙም፤ የአሮጌዎቹን ጥንድ ለብቻ መግዛት ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤት ልንከፍት ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ ያለው ኳስ ጌምና ጆተኒ ስለሆነ፣ እኛ ለየት ብለን በእንቅስቃሴ የሚሠሩትን ብናመጣ ያዋጣናል? (ተማሪ፣ 19 ዓመት)

መልስ፦ እንደ ዋና ሥራ አያዋጣችሁም። በኳስ ጌም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ልጅ ታስቀምጣለህ፤ በእንቅስቃሴ ጌም ግን ያው ቦታ ለሁለት ሰው ይጠባል፣ ተራ ጠባቂውም ክርን ይመታዋል። የማይክሮሶፍቱ ካሜራ ኪኔክት ለአንድ ተጫዋች 1.8 ሜትር፣ ለሁለት 2.4 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልግ ነበር። አንድ ጥግ ለልደት ድግስ ለሚመጡ ሕፃናት ብትለዩ ግን መልካም ነው። ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ እንደ «ጀስት ዳንስ» 2023 ያሉት በካርቶን ቢሸጡም ውስጣቸው ዲስክ ሳይሆን አንዴ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ስለሆነ፣ ያገለገለውን ካርቶን መግዛት ባዶ ዕቃ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። የልጅ ልጆቼ ስልክ በእጅ ይዘው የሚጨፍሩበትን ጌም ከፍተው «እማማ፣ ነይ» ብለው አስነሡኝ። እኔም በደንብ አድርጌ እስክስታዬን ብወርደው ጌሙ የሰጠኝ ነጥብ ምንም ነው፤ ሳቁብኝ። ጥፋቱ የማነው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያ ጌም ነጥብ የሚሰጠው ስልኩን ወይም ጆይስቲኩን የያዘችውን ቀኝ እጅ ብቻ ተከትሎ ነው። እርስዎ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ትከሻዎን ሲያርገበግቡ ለእሱ ዝም ብለው የቆሙ ያህል ነው፤ አንገትዎንማ ጨርሶ አያየውም። የልጅ ልጆችዎ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ብቻ ቢያወናጭፉ ከእርስዎ የበለጠ እንደሚያገኙ ያሳዩአቸውና ሳቁ ወደ እነሱ ይዞር።

ለእርስዎ የሚሻለው ቦውሊንግ ነው። እናቴን «ዊ ስፖርትስ» ላይ ሳስጀምራት ከታች ያለውን ቁልፍ ተጭና እጇን ወደ ኋላ ወስዳ፣ ወደ ፊት ስታመጣ መልቀቅ ነበረባት። እሷ እጇ ገና ከኋላ ሳለ ለቀቀችው፤ ኳሱ ወደ ተመልካቾቹ ሄዶ ሁሉም ደንግጠው ሲዘሉ «ውይ! ሰው መታሁ!» ብላ ጆይስቲኩን ሶፋ ላይ ጣለችው። በሦስተኛው ሙከራ ገባት። ቦውሊንግ ሩጫ የለውም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠውም ይወረውሩታል፣ አንድ ጆይስቲክ እየተቀባበሉ እስከ አራት ሰው ስለሚጫወቱት ሁለተኛ መግዛት አያስፈልግም። አንዱ ሲወረውር ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ እኛ ቤት አቦሉ ሲቀዳ የተጀመረው ጨዋታ ቶናው ሳይቀርብ ያልቃል፣ በረካው ላይ ደግሞ የተሸነፈው «ድገሙኝ» ይላል።