የፕሪየስዎን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት

ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ የጻፉልኝ አንባቢ ያገለገለ የ2011 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ባትሪ አጣምሮ የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና፣ ከገዙ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሻጩ «50 ይሄዳል» ብሎ አሳምኗቸው ነበር። እርሳቸው ግን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ሥራ ገብተው፣ ለምሳ ቤት ደርሰው ሲመለሱ መኪናቸው በሊትር ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ አልሄደላቸውም። አንድ ጋራዥ «ባትሪው ሞቷል» ስላላቸውም የባትሪ ዋጋ እያጠያየቁ ነው።

ገንዘብዎን ለጊዜው ያቆዩት። ሻጩ የጠራው 50 ከአሜሪካ መለኪያ የተወሰደ ሲሆን በአንድ ጋሎን 50 ማይል ማለት ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጎደለብዎ እንግዲህ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ 13 ያሉትን ራሱን ያረጋግጡ። ማደያ ገብተው ፓምፑ በራሱ እስኪያቆም ድረስ ይሙሉ፤ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ካደረጉ በኋላ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ነድተው በዚያው ፓምፕ እንደገና ይሙሉና የሄዱበትን ርቀት በገባው ሊትር ያካፍሉት። በመካከሉ ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጠርሙስ ከገዙ ስሌቱን ከአዲስ ይጀምሩ፤ የጠርሙስ ሊትር በእርግጥ አንድ ሊትር ስለመሆኑ ዋስ የሚሆንልዎት የለም።

ከደብዳቤዎ ዓይኔን የሳበው «ቤንዚን ለመቆጠብ ከጅሬን ስወርድ ፎሌ አድርጌ እለቃለሁ» ያሉት ነው። ይህ ከአሮጌ መኪና የተረፈ ልማድ ሲሆን በሃይብሪድ ላይ ግን ኪሳራ ነው። መኪናው ፎሌ ላይ ሲሆን ባትሪውን አይሞላም፤ ፍሬን ሲይዙም የቁልቁለቱ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ መለወጡ ቀርቶ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ማርሹን ዲ ላይ ትተው፣ እግርዎን ከነዳጅ አንስተው፣ ፍሬኑን ከሩቅ ጀምረው በለስላሳው ይያዙ። ቢ የተባለው ማርሽ የተሠራው እንደ ግቤ በረሃ ላለ ረጅም ቁልቁለት ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል፤ የመኪናዎ ባትሪ ግን ጠቅላላ አቅሙ 1.3 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያም ላይ የሚሠራው በከፊሉ ብቻ ስለሆነ፣ ገና በአጋማሹ ይሞላል። ቢ በዚያን ጊዜ ሞተሩን ተጠቅሞ ፍሬንዎን ከመጋል ያድንልዎታል። ከተማ ውስጥ ግን አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛው ምክንያት የጉዞዎ ማጠር ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም እንኳ ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን እስኪያሞቅ ድረስ ይሠራል። ሁለት ኪሎ ሜትር ነድተው ካቆሙት ልክ መቆጠብ በሚጀምርበት ሰዓት አጠፉት ማለት ነው፤ በቀን አራት ጊዜ እንዲህ የሚነዳ ፕሪየስ 21 ሊሄድ አይችልም። የጠዋቱን ጉዳይ ሁሉ በአንድ ዙር ቢጨርሱት ልዩነቱን ያዩታል።

ጎማውን በቀዝቃዛው ያስለኩ፤ ለ15 ኢንቹ ጎማ ከፊት 35፣ ከኋላ 33 ነው፤ ጎሚስታው በግምት ነፍቶ እንዳይሸኝዎት። የሞተር ዘይቱም 0 ደብሊው 20 ይሁን፤ ወፍራም ዘይት ሞተሩን ያከብደዋል።

ከዚያ የኋላውን ወንበር ይመልከቱ። በቀኝ በኩል፣ ከወንበሩ ጎን፣ የወንፊት ክዳን ያለው ቀዳዳ አለ፤ ባትሪው የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ባለፈው ወር ከገጠር መንገድ የመጣ መኪና ላይ ክዳኑን አንስቼ ማራገቢያውን ሳወጣው ክንፎቹ በቀይ አቧራ፣ በፀጉርና በብርድ ልብስ ብናኝ ተጠቅጥቀው እንደ ጭቃ ምርጊት ሆነው ነበር። እንዲህ የታፈነ ባትሪ ሲግል ኮምፒውተሩ አጠቃቀሙን ስለሚገድበው ሸክሙ ወደ ሞተሩ ይዞራል። ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ ያስጠርጉ፤ ቀዳዳው ላይም ልብስም ሆነ የቡና ጆንያ አይጣል።

ጅማ ዝናብ አይለየውም፤ ሃይብሪድ ደግሞ የፍሬን ሸራውን እምብዛም ስለማይጠቀም የፍሬኑ ተንሸራታች ብሎኖች ዝገው ይነክሳሉ። ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ከነዱ በኋላ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እዚያ ቤንዚን እየተበላ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻሻለ ባትሪው በስካነር ይታይ። ባትሪው በ14 ብሎክ ተከፍሎ ስለሚነበብ መኪናው ዳገት ሲወጣ የአንዱ ብሎክ ቮልት ከሌሎቹ ተነጥሎ ሲወድቅ ካዩ ጋራዡ ልክ ነበር። ንባቡን ሳያሳይዎት «ሞቷል» የሚልዎትን ግን አይክፈሉት። በእርስዎ አጭር ጉዞ በሊትር 17 ከደረሱ እኔ መኪናውን ጤነኛ ነው እለዋለሁ።