«የተስተካከለው መዝገብ» ላይ የማን ፊርማ አለ?

ጥያቄ፦ ለአንድ ትልቅ የልብስ ብራንድ በሚሰፋ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። በሚቀጥለው ወር የገዢው ኦዲተሮች ይመጣሉ። የገዢው የሥነ ምግባር ደንብ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል። የጭነት ቀን ሲደርስ ግን እናልፋለን። ሥራ አስኪያጁ «የተስተካከለውን መዝገብ እናሳያቸዋለን» ይላል። ደንቡ ሕግ ነው ወይ? ኩባንያው ሊከሰስ ይችላል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ነገር አጭር መልስ አለው። ደንቡ በራሱ ሕግ አይደለም። የአቅርቦት ውሉ ውስጥ ከገባ ግን የውል ግዴታ ይሆናል፤ መጣሱም ትዕዛዝ ሊያሰርዝ ይችላል። 60 ሰዓትም ፈቃድ አይደለም፤ የአገርዎ ሕግ ከዚያ በታች ከወሰነ የሚገዛዎት ሕጉ ነው። ሠራተኞች ገዢውን መክሰሱ ብዙ ጊዜ አይሳካላቸውም። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዋልማርት ለተባለው ትልቅ የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ዕቃ የሚያቀርቡ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ያቀረቡትን ክስ ውድቅ አድርጓል። ዋልማርት ፋብሪካዎቹን የመፈተሽ መብት ለራሱ ያዘ እንጂ ለሠራተኞቹ ግዴታ አልገባም ነው ያለው። ስለዚህ ጣጣው ዞሮ ዞሮ አሠሪው ላይ ያርፋል።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር ልምጣ። ስለ ገዢው ጽፈዋል፣ ስለ ሥራ አስኪያጁም ጽፈዋል። «የተስተካከለው መዝገብ» በማን እጅ እንደተዘጋጀ ግን አንድ ቃል የለም። የሰው ኃይል ኃላፊው እርስዎ ነዎት። የሰዓት መዝገቡና የደመወዝ ሊስቱ ያለ እርስዎ ፊርማ የሚወጣ አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን «ኩባንያው ይከሰሳል ወይ?» የሚለውን ትተው «እኔስ?» ብለው መጠየቅ ነበረብዎት።

ደንበኞች እየደጋገሙ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ረጅም የሥራ ሰዓት ሊታረም የሚችል ጥፋት ነው። ኦዲተሩ ይጽፈዋል፣ ፋብሪካው በቀነ ገደብ የማስተካከያ ዕቅድ ያቀርባል፣ ከዚያ ክትትል ይደረጋል። በዚህ ብቻ ወዲያው የሚሸሽ ገዢ ብዙ አይደለም። የተጭበረበረ መዝገብ ግን በብዙ ብራንዶች ዘንድ ለኦዲተር ጉቦ ከመስጠት ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው። አንዱ ሰነድ ሐሰት ከሆነ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ እሳት መከላከያ ያቀረባችሁትን ማን ያምናል?

ደግሞም ይያዛል። ኦዲተር የሰዓት መዝገብ ብቻ አይቶ አይሄድም። የየመስመሩን የምርት መዝገብና የበር ጥበቃውን ደብተር ያመሳክራል። የተሰበረ መርፌ መዝገብም አለ፤ ስባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይቀር እያንዳንዱ በየቀኑ ይጻፋል። የሰዓት መዝገቡ «እሑድ ዝግ ነበርን» ሲል የመርፌው መዝገብ እሑድ መርፌ ተሰብሯል ካለ ነገሩ በቃ አለቀ። ሠራተኞችም ለብቻቸው፣ አንዳንዴም ከግቢ ውጭ ይጠየቃሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ በአንድ ዓይነት ቃል ከሰጡ መሠልጠናቸው ያስታውቃል።

«ባለፈው ኦዲት አልፈናልኮ» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ኦዲት ይታለላል። ፓኪስታን፣ ካራቺ የነበረው አሊ ኢንተርፕራይዝስ ፋብሪካ ኤስኤ8000 የተባለውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ባገኘ በሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በእሳት ወድሞ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አደጋ ሲደርስ መርማሪ ያንን ወረቀት ያስገኙትን ሰነዶች አንድ በአንድ ማየቱ አይቀርም። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ መጠቀም በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ቅጣት ሊያቀልል ይችል ይሆናል እንጂ ነፃ ያወጣል ብለው አይተማመኑ።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። ለተደበቁት ሰዓቶች ተከፍሏል ወይ? ከተከፈለ በየትኛው ሊስት? ከመዝገብ ውጭ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የግብር እና የጡረታ ጥያቄ ይከተላል። ካልተከፈለ ደግሞ ሠራተኞቹ ነገ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ዋናው ማስረጃ የሚሆነው እውነተኛው መዝገብ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነገር አይፈርሙ። እውነተኛውን መዝገብ ማንም እንዳያጠፋው። ተቃውሞዎን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይስጡ፤ በቃል የተባለ ነገር በኋላ ይካዳል። የአቅርቦት ውሉን፣ ደንቡን፣ ያለፈውን የኦዲት ሪፖርትና ከገዢው ጋር የተጻጻፋችሁትን ሰብስቡ። በተለይ ገዢው ዘግይቶ ዲዛይን ወይም ብዛት ቀይሮ የጭነት ቀኑን ያላራዘመበትን ኢሜይል አይለፉት። የትርፍ ሰዓቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው፤ የማስተካከያ ዕቅዱም ላይ በግልጽ ሊነሣ ይገባዋል።

ግን በስሜት ተነሥተው የሠራተኞችን ፋይል ቤት አይውሰዱ፤ ለኦዲተሩም በድብቅ አይላኩ። የምስጢር ጥበቃና የጠቋሚ ከለላ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ። የኩባንያውን ጠበቃ ማለቴ አይደለም፤ እሱ የሚቆመው ለኩባንያው ነው፣ ነገሩ ሲከፋ ጣቱን ወደ እርስዎ ሊቀስር ይችላል። የራስዎን ይያዙ፣ ኦዲቱ ሳይደርስ። ባለፈው ኦዲት የቀረበውም መዝገብ «የተስተካከለ» ከነበረ ገና ሲቀመጡ ይንገሩት፤ የሚሰጥዎት ምክር በዚያ ላይ ይለያያል።