ከማማሩ በፊት አይቆራረጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ አሰልጣኝ ነኝ። ሰልጣኞች መኪና ከመያዛቸው በፊት መሪና ማርሽ የሚለምዱበት ሲሙሌተር ከጓደኛዬ ጋር ሠርተናል። ያለን አሮጌ ኮምፒውተር፣ የጌም መሪና አንድ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ነው፤ ሶፍትዌሩን እሱ ጎዶት 4 በሚባል የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ሠራው። ግን ምስሉ ይቆራረጣል፣ ሰልጣኞቹንም ቶሎ ያዞራቸዋል። አዲስ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?
ከአዳማ

መልስ፦ ካርዱን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከፈለግክ ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ስሎ የሚጨርሰው በ16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ መሆን አለበት። ካለፈ ይቆራረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜ የሚበላውን ቀንስ። ሕንፃና አጥር ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ጥላቸው በየምስሉ እንደ አዲስ ከሚሰላ አንዴ ተሰልቶ መሬቱ ላይ ይታተም፣ ጎዶት ራሱ ይሠራዋል። የሩቅ ዛፍ ጠፍጣፋ ሥዕል ቢሆን ማንም አያውቅብህም። ስፖኪዮ ደግሞ ከባድ ነው፣ እያንዳንዱ መንገዱን ሁለተኛ ጊዜ መሳል ማለት ስለሆነ፤ ግን እንዳታወጣው፣ ሰልጣኝ ስፖኪዮ ማየት ካልለመደ ምን ተማረ? ጥራቱን ቀንሰህ ግራውንና ቀኙን በየተራ አሳየው።

አስፋልቱን ግን አትንካብኝ። ልሙጥ ግራጫ መንገድ ላይ ፍጥነት አይታወቅም። ፍጥነት የሚታወቀው በጎን በሚያልፈው ነገር ነው፦ ስንጥቁ፣ ነጩ መስመር፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ የመብራት ምሰሶው።

ወደ ማዞሩ ስንመጣ፣ አንዱ ጥፋተኛ የሶፍትዌሩ ካሜራ የእይታ ማዕዘን ይመስለኛል። ስክሪንህ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከ70 ሴንቲሜትር ርቀት የሚታየው ከግራ ወደ ቀኝ 46 ዲግሪ ብቻ ነው። ጎዶት 4 ሳትነካው ከተውከው 75 ላይ ነው ያለው፣ ያውም የሚቆጥረው ከላይ ወደ ታች ነው! ያ ሁሉ ዓለም ትንሽ ስክሪን ውስጥ ሲጨመቅ ፍጥነቱም ኩርባውም ይዛባል። ስክሪንህ ከዚያው ርቀት ከላይ ወደ ታች የሚታየው 27 ዲግሪ ያህል ስለሆነ 27 አድርገው። ልምምዱንም አሳጥረው፣ ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወዲያው ይነሳ።

በዚህ ጠባብ እይታ መስቀለኛ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ አይታይም፤ ገንዘብ ሲኖርህ ሁለት ያገለገሉ ስክሪኖች በጎንና በጎን ጨምር። ካርዱ የሚያስፈልግህ ያኔ ነው፣ ሦስት ስክሪን መሙላት ለዚያ ኮምፒውተር ይከብደዋል።