ከጉድጓዳችን በላይ ላቫጆና ሽንት ቤት ሊሠራ ነው፤ 30 ሜትር መራቁ ይበቃል ወይ?

ሰላም ጠያቂያችን። አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰፈራችሁ የሚጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ እንደሆነ፣ ከበላዩ ላቫጆና ሽንት ቤት ሊሠራ እንደሆነ ጽፈው 30 ሜትር ይበቃል ወይ ብለዋል።

በአቃቂ መሬት አይበቃም። 30 ሜትር የሚባለው ልክ ውሃ ቀስ ብሎ በደቃቅ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ጀርሙ መንገድ ላይ እንዲቀር ታስቦ ነው። እዚህ ግን ከኮትቻው (ከጥቁሩ የሸክላ አፈር) ሥር ያለው የተሰነጣጠቀ ባዛልት የሚባል ጥቁር ድንጋይና ቀይ አሽ የሚባል ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ጉድጓዶቹ ብዙ ውሃ የሚሰጡት በዚሁ ስንጥቅ ነው፤ ፍሳሹም የሚሮጠው በዚያው ነው። ኮትቻው ሲርስ አብጦ ይዘጋል እንጂ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ስለሚከርም የመጀመሪያው ዝናብ ያገኘውን ይዞ ቁልቁል ይገባል። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ ቁልቁለት በኩል ይዙር። አይሆንም ካሉ የማያሰርግ ታንክ ሠርተው በመምጠጫ መኪና ያስወጡ፤ ታች ክፍት የሆነ ጉድጓድ ፈጽሞ አትፍቀዱ። ላቫጆው ዘይት ማስቀሪያ ገንዳ ቢሠራም ሳሙናና በውሃው የሟሟ ነዳጅ ያልፋል። መጠየቅ ያለበት ከገንዳው የሚወጣው ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ነው።

ከጎረቤት ጋር ከመሟገት በፊት ግን የራሳችሁን ጉድጓድ አፍ እዩ። ብዙ ጊዜ ብክለቱ የሚወርደው በኬዝንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ በገባው ትልቅ ቧንቧ) እና በተቆፈረው ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት አፈሩንና የበሰበሰውን ድንጋይ አልፎ ጠንካራው አለት ውስጥ እስኪገባ፣ ቢያንስ 6 ሜትር፣ በሲሚንቶ መሞላት አለበት። 12 ኢንች ተቆፍሮ 8 ኢንች ኬዝንግ ከገባ ለአንድ ሜትር ወደ 33 ሊትር ቡኬት (በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ) ይፈልጋል፤ ለ10 ሜትር ስምንት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ወደ ስንጥቅ ለሚጠፋው ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ያዙ። ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 27 ሊትር ውሃ ነው፤ ውሃው ከበዛ ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተት ይተዋል። ቡኬቱ በቀጭን ቧንቧ ከታች ወደ ላይ ይሞላ። ከላይ በባልዲ ሲደፋ መሃል ላይ ይይዝና ታቹ ባዶ ይቀራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን የተሞላ ይመስላል! ሲቆፈር ያልነበራችሁ ሰዎች የቁፋሮውን ሪፖርት ጠይቁ።

ኬዝንጉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ የፓምፑ ኬብል የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈን፣ ዙሪያው ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪትና የጎርፍ ቦይ ይኑረው። የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከጉድጓዱ አጥር ውጭ ይቀመጥ፤ በርሜሉ ሥር ሙሉውን የሚይዝ የኮንክሪት ገንዳ ይሠራለት።

ውሃውን በግንቦት አንዴ፣ በነሐሴ አንዴ አስመርምሩ፤ ቢያንስ ኢ. ኮላይ (ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም) እና ናይትሬት (ከፍሳሽ የሚመጣ፣ በውሃ የሚሟሟ ኬሚካል) ይታዩ። የኢ. ኮላይ ናሙና በንጹሕ የላቦራቶሪ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሆኖ በዚያው ቀን ይድረስ፤ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም መገኘት የለበትም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ውሃው ከደፈረሰና ኢ. ኮላይ ከታየ መጀመሪያ የጉድጓዱን አፍ ጠርጥሩ። ናይትሬት ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ከጨመረ ግን የሰፈሩ ፍሳሽ የከርሰ ምድሩን ውሃ ራሱን ደርሶበታል ማለት ነው። የናይትሬት ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ክሎሪን አያጠፋውም፤ ማፍላት ጭራሽ ያከማቸዋል። ከስድስት ወር በታች ላሉ፣ የዱቄት ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት በጣም አደገኛ ነው።

ክሎሪን የሚረዳው ለጀርም ነው፤ ያውም ብክለቱ የሚገባበት ቀዳዳ ከተደፈነ በኋላ። በ8 ኢንች ኬዝንግ አንድ ሜትር ውሃ ወደ 31 ሊትር ነው። 60 ሜትር ውሃ ካለ 65 በመቶ የሆነውን የክሎሪን ዱቄት 150 ግራም በፕላስቲክ ባልዲ አሟሟችሁ ጨምሩ። የፓምፑን ውሃ በጎማ መልሳችሁ ወደ ኬዝንጉ እያፈሰሳችሁ አዙሩትና 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ወደ ውጭ ድፉ፣ ወደ ሮቶ አታስገቡ፤ ሰፈሩም እስከዚያ እንዳይጠጣ ቀድማችሁ ንገሩ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ከበላያችሁ ባሉ ግቢዎች የተተወ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ካለ ቆሻሻ እንዳይጣልበት፣ ለሽንት ቤትም እንዳይውል። በሲሚንቶ ቡኬት ከታች ጀምሮ ይደፈን፤ በቆርቆሮ መክደን ብቻ ፍሳሽ አያቆምም።