የትኛውን ኪው ልጠቀም? የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰሞኑን ስለ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ስራ) እና ስለ ኪው (ነገሮች ተራ ይዘው የሚጠብቁበት ዝርዝር) ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፣ አራቱን መርጬ ልመልስ። ምሳሌዬ ሁሉ ጃቫ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ትሬድ አንድ ሊንክድ ሊስት ይጋራሉ። ባዶ አለመሆኑን ቼክ አድርጌ ነው የማወጣው፣ ግን አንዳንዴ ኤረር ይመጣል፣ ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል እንበል፣ ሁለቱም ትሬድ "አለ" ብለው ያያሉ፣ አንዱ ቀድሞ ይወስዳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ሊንክድ ሊስት ራሱ ለብዙ ትሬድ አልተሰራም፣ ውስጡም ሊበላሽ ይችላል። በኮንከረንት ኪው ቀይረው፣ ግን ያኔም ቼክ ማድረጉን ተወውና በቀጥታ ፖል (የማውጫ ትእዛዝ) በል፣ ናል (ምንም የለም) ከመለሰ ባዶ ነው።

ጥያቄ፦ አሬይ ብሎኪንግ ኪው ነው ሊንክድ ብሎኪንግ ኪው የሚፈጥነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሎኪንግ ማለት ሲሞላ አስገቢውን ትሬድ፣ ባዶ ሲሆን አውጪውን የሚያስጠብቅ ነው፤ ከፍጥነቱ በፊት ሲሞላ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጊ ወስኚ። ሊንክዱን መጠን ሳትሰጪው ከከፈትሽው እስከ 2,147,483,647 ድረስ ይቀበላል፣ ማለትም ገደብ የለውም። እኔ ሎግ ወደ ዳታቤዝ የሚጽፍ ፕሮግራም ላይ እንደዛ አድርጌ፣ ዳታቤዙ ትንሽ ሲዘገይ ኪው ውስጥ ያለው እየተከመረ እየተከመረ ሌሊት ላይ ሚሞሪ አልቆ ፕሮግራሙ ወደቀ፣ ያልተጻፈው ሎግም አብሮ ጠፋ። ያስተካከልኩት በአንድ ቁጥር ነው፣ 1000 አልኩት። አሁን ሲሞላ ፑት (የማስገቢያ ትእዛዝ) ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል፣ መጠበቅ የማይችል ኮድ ደሞ ኦፈርን (ሌላውን የማስገቢያ ትእዛዝ) ከነጊዜ ገደቡ ይጠቀም። ልዩነታቸውን ካልሽ፣ አሬዩ አንድ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሳልፍ ቁልፍ) ነው ያለው፣ ቦታውንም ቀድሞ ይይዛል፤ ሊንክዱ ለማስገቢያና ለማውጫ የተለያየ ሎክ ስላለው አስገቢና አውጪ ብዙ አይጋፉም፣ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ኖድ (መያዣ) ይፈጥራል። እና እባካችሁ፣ ኤግዜኪዩተርስ የሚባለው የጃቫ ክላስ የሚሰጣችሁ ፊክስድ ትሬድ ፑልም (ቁጥራቸው የተወሰነ ትሬዶች ስብስብ) ውስጡ ያው ገደብ የሌለው ሊንክድ ኪው ነው ያለው!

ጥያቄ፦ ሎክ የሌለው አይሻልም?

መልስ፦ ኮንከረንት ሊንክድ ኪው ማጌድ ማይክልና ማይክል ስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት አልጎሪዝም ላይ የተመሰረተ ነው፣ ጎበዝ ነው። ግን ገደብ የለውም፣ ባዶ ሲሆንም አያስጠብቅም፣ ስለዚህ አውጪው ዝም ብሎ እየዞረ ሲፒዩ ይበላል። ሳይዝ (ስንት አለ) ስትሉትም አንድ በአንድ ነው የሚቆጥረው።

ጥያቄ፦ ስራው ሲያልቅ ቴክ (ባዶ ከሆነ የሚያስጠብቅ የማውጫ ትእዛዝ) ላይ ቆሞ የቀረውን ትሬድ እንዴት ላስቁመው?

መልስ፦ "አበቃ" የሚል ልዩ ኦብጀክት አስገባ፣ ያየው ትሬድ ይወጣል። 4 አውጪ ካለህ 4 አስገባ፣ አስገቢዎቹ በሙሉ ከጨረሱ በኋላ። ፕራዮሪቲ ብሎኪንግ ኪው (በደረጃ እያስቀደመ የሚያወጣ) ከሆነ ግን የ"አበቃ"ውን ደረጃ የመጨረሻ አድርገው፣ አለበለዚያ ሌላውን ቀድሞ ይወጣና ስራ ኪው ውስጥ ይቀርብሃል።