27 ዓመቴ ነው፣ ሽንት ያጣድፈኛል፤ ፕሮስቴት ይሆን? ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ትውላለህ። ከ5 ወር ወዲህ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያጣድፍሃል። ጨረስኩ ብለህ ሱሪህን ስትቆልፍ ይንጠባጠባል። ከብልትህና ከፊንጢጣህ መሃል ኳስ ላይ የተቀመጥክ ያህል ይሰማሃል። 3 ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደህ ለውጥ የለም። በጥር ሰርግህ ነው፤ «ካንሰር ይሆን? መካን እሆን ይሆን?» ብለህ ፈርተሃል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተሳቢ ሹፌር ነኝ፣ ጂቡቲ መስመር። ግን ያንተን ጥያቄ በ2011 ዓ.ም. ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ያኔ 29 ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ያየሁትንና ሐኪሜ ያስረዳኝን ልንገርህ።

የጀመረኝ ከገላፊ ወደ ሚሌ ስመለስ ነው። የአፋር ሙቀት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ውሃ ብዙ ከጠጣሁ መቆም ይበዛብኛል ብዬ አልጠጣም። ሽንት ሲመጣ እይዘዋለሁ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ጫት ጉንጬ ላይ አለ። በቀን 12 ሰዓት መቀመጫ ላይ ነኝ። የዚያን ቀን ወርጄ ልሸና ስል አልመጣም። ቆሜ ጠበቅኩት። ሲመጣ ደግሞ እንደ ክር ቀጥኖ፣ እያቃጠለ። ጋቢና ገብቼ 20 ደቂቃ ሳልነዳ እንደገና መጣብኝ። ከዚያ በኋላ ባዶ ኃይላንድ ከእግሬ ስር አልጠፋም።

አዲስ አበባ ስገባ ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ገዛሁ፤ ያለ ማዘዣ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ፣ ከዚያ ተመለሰ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሽንትና ደም ሰጠሁ፣ «ኢንፌክሽን አለ፣ ታይፎይድም አለብህ» ተባልኩ። ታይፎይድ የሌለበት ሰው ያለ አይመስለኝም እኛ አገር! ሌላ መድኃኒት። ቀጥሎ መርፌ። ከዚያ እንደገና ሲፕሮ፣ አሁን ለ10 ቀን። በመጨረሻው ዙር ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግሬ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ማመም ጀመረ። የሲፕሮ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች ጅማት እንደሚጎዱ፣ አልፎም እንደሚበጥሱ በኋላ ነው የሰማሁት። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2008 እ.ኤ.አ. መግለጫቸው ላይ ትልቁን ማስጠንቀቂያ ያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ እንደ ከረሜላ ነበር የምውጠው።

በመጨረሻ የሽንት አካላት ሐኪም፣ ዩሮሎጂስት፣ ጋ ደረስኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። የመድኃኒቶቹን ባዶ ማሸጊያ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው። አዩና «ካልቸር ተሰርቶልህ ያውቃል?» አሉኝ። አያውቅም። አራት ዙር መድኃኒት ስውጥ አንድም ሰው የትኛው ባክቴሪያ እንዳለብኝ፣ ጭራሽ መኖሩንም፣ አላየም ነበር።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይኸውልህ፤ አራተኛ መድኃኒት ሳይሆን ካልቸር ፈልግ። ተራው የሽንት ምርመራ በማይክሮስኮፕ ቶሎ ይታያል። ካልቸር ግን ሽንቱን ዘርተው ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃሉ፤ ከበቀለም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈትሻሉ። አንቲባዮቲክ እየወሰድክ ከሰጠህ ውጤቱ ያታልላል፤ ስንት ቀን መቆየት እንዳለብህ ሐኪሙን ጠይቅ። የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሰህ መሃለኛውን ነው ዕቃው ውስጥ የምትሰጠው። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የሰጠሁት፤ አንዱን ሐኪሙ ፕሮስቴቴን ከመንካታቸው በፊት፣ ሌላውን ከነኩ በኋላ። ፕሮስቴት ውስጥ የተደበቀ ነገር ካለ ሁለተኛው ላይ ይወጣል።

«መንካት» ያልኩት ምን እንደሆነ ገብቶሃል። አዎ፣ በጣት፣ በኋላ በኩል። እኔም ልሮጥ ዳድቶኝ ነበር። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ደስ አይልም፣ ግን ከአንድ ወር ጭንቀት ይሻላል። በዚህ አፍረህ እንዳትቀር።

የኔ ካልቸር ምንም አላበቀለም። ሁለቱም። ያኔ ነው ሐኪሙ ቁጭ አድርገው ያስረዱኝ። ፕሮስቴት ከፊኛ ስር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት፤ የሽንት ቧንቧ በመሃሏ ያልፋል። ሽማግሌዎች ላይ ስታብጥ ቧንቧውን ታጠባለች፤ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። በኛ ዕድሜ ግን የሚበዛው ሌላ ነው፤ የፕሮስቴትና የዳሌ አካባቢ የቆየ ሕመም። የሚበዛው ደግሞ ባክቴሪያ የሌለበት ዓይነት ነው። ከዳሌ በታች እንደ መረብ ተዘርግቶ ፊኛንና ፊንጢጣን የሚይዝ ጡንቻ አለ። በመቀመጥ፣ ሽንት በመያዝ፣ በጭንቀት ይኮማተርና እንደ ጡጫ ተጨብጦ ይቀራል። ያንተ ኳሱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ነው አልልህም፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

ስለ ካንሰር ደግሞ እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ካላሰራሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳቁብኝ። በ27 እና በ29 ዓመት የፕሮስቴት ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። ፒኤስኤ ደግሞ ፕሮስቴት ስትቆጣም ከፍ ይላል። ቁጥሩን አይተህ ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስታፈጥ ታድራለህ እንጂ ምንም አይፈይድልህም።

ጫት አልፎ አልፎ ቅዳሜ እቅማለሁ ብለሃል። እኔ ይህን ከሐኪሜ ደብቄ ነበር፤ ሲያፋጥጡኝ ነው የተናዘዝኩት። ለካ ጉዳዩ ቀጥታ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር የፊኛን አንገት ያጠብቃል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የየመን ጥናት ጤነኛ ወንዶችን ጫት ሲያስቅም የሽንታቸው የመውረድ ፍጥነት እንደቀነሰ አሳይቷል። ያንን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አስቀድሞ ሲሰጣቸው ደግሞ የጫቱ ጉዳት ተከለከለ። ሹፌር ጓደኞቼ «ሲቅሙ ሽንት አይመጣም» እያሉ እንደ ቀልድ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። እኔ ለሁለት ወር ተውኩት። ልዩነቱን በሁለተኛው ሳምንት አየሁት።

አሁን የሚያስቀው ነገር። ሐኪሙ «ለ3 ቀን የሸናኸውን በሙሉ ለክተህ ጻፍ» አሉኝ። በምን ልለካ? የግማሽ ሊትር ኃይላንድ አንገቱን ቆርጬ፣ በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ውሃ እየጨመርኩ በየ50 ሚሊ ሊትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት። ረዳቴ በሳቅ ሞተ፤ «ላብራቶሪው መጣ» ይለኝ ነበር። ግን ወረቀቱ ብዙ ነገር አወጣ። በቀን 17 ጊዜ ሸንቻለሁ፤ እያንዳንዱ 70፣ 80፣ 90 ሚሊ ሊትር። ጤነኛ ፊኛ 300 እና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ በቀን እስከ 7 እና 8 ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው። በዚያ ላይ የጠጣሁት ቡናና ሻይ እንጂ ውሃ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ሆኖ ጥቂት ጥቂት ከሆነ ፊኛው ተቆጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖ ብዙ ብዙ ከሆነ ደግሞ ስኳር መመርመር አለበት። ይህ ወረቀት ሐኪሙ ፊት አንድ ሰዓት ከማውራት ይበልጣል።

ሕክምናው አንድ ተአምር አልነበረም። ታምሱሎሲን የሚባል ማታ ማታ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ የፊኛን አንገት ያላላል። ራስ ያዞራል፤ ከአልጋ ስትነሳ ቀስ ማለት ነው። የዘር ፈሳሽ እንዲቀንስ ወይም ጭራሽ እንዳይታይም ያደርጋል፤ ስታቆመው ይመለሳል። ማንም ሳይነግርህ ቢያጋጥምህ በሰርግህ ማግስት ልብህ ይቆም ነበርና ነው የምነግርህ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ እኔን ያዳነኝ ሳፋ ነው ብል አልዋሸሁም። ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጌ ማታ ማታ 15 ደቂቃ እቀመጥ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ እንደ ስግደት ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ፣ ሆዴን እየነፋሁ በዝግታ መተንፈስ። አየር ስትስብ ያ ጡንቻ ወደ ታች ሲለቀቅ ይሰማሃል፤ መጀመሪያ አይሰማህም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ኢንተርኔት ላይ «ሽንትህን እንደምታቆም አድርገህ ጡንቻውን ጨብጥ» የሚል ስፖርት ይበዛል። የተኮማተረ ጡንቻ ላለው ሰው ያ የባሰ ያደርገዋል። እኔ ሦስት ሳምንት ሠርቼው ሕመሜን ጨምሬ ነው የተመለስኩት።

መቀመጡን መተው አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። ግን በየሁለት ሰዓቱ ቆሜ ጎማ እያየሁ እዞራለሁ። አንተ ከኔ ይቀልሃል፣ ከወንበርህ መነሳት ብቻ ነው። ሽንት ሲመጣ አትያዝ፤ ሳይመጣም «ለማንኛውም» እያልክ አትሂድ፣ ፊኛውን ትንሽ መያዝ ታስለምደዋለህ። ስትጨርስ የሚንጠባጠበውን ከቆለጥህ ኋላ በጣትህ ወደ ፊት ገፋ አድርገህ አውጣው። ማንም የማይነግርህ ቀላል ነገር ነው፣ ሱሪህን ያድንልሃል።

እስካሁን ያልኩት ግን ቀስ ብሎ ለመጣ ሕመም ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከማቃጠል ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ፤ ድንገተኛው የፕሮስቴት ኢንፌክሽን አይቀለድበትም። አንደኛው ቆለጥ በድንገት ክፉኛ ካመመህ ሰዓት ቁጠር፤ ተጠምዞ ከሆነ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ሊጠፋ ይችላል። መግል ከወጣህ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም ትታከማላችሁ፤ እጮኛህን ትተህ አንተ ብቻ ብትታከም ዞሮ ይመጣል።

ደም ካየህም ችላ አትበል። አንድ የመስመር ጓደኛዬ ሽንቱ መጨረሻ ላይ ቀይ ይሆንበት ነበር፤ አዋሽ ወንዝ ውስጥ መታጠብ ይወዳል። ቢልሃርዚያ፣ ከወንዝ ውሃ የሚይዝ ጥገኛ ትል፣ ሆኖ ተገኘ፤ የሽንቱ ዓይነት በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ፣ በሱዳን ድንበር ባለችው በኩርሙክ በኩልም አለ። ሽንቱን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቀን ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ነገሩት፣ እንቁላሉ ያኔ በብዛት ስለሚወጣ። ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ዳነ።

መካንነቱን ሳልረሳ። ይህ ሕመም ስለያዘህ ብቻ መካን ትሆናለህ ማለት አይደለም። ከሰጋህ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አለ፣ ታሰራለህ፣ ታርፋለህ። እኔ የዚያን ጊዜ ሳፋ አሁን ልጄ ትታጠብበታለች።

ደህና ለመሆን 5 ወር ገደማ ፈጅቶብኛል። አሁንም እንቅልፍ ካጣሁና ከተጨናነቅኩ ብቅ ይላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳፋ፣ ከዚያ ይሄዳል። አንተ ከሰርጉ በፊት ጊዜ አለህ። ዩሮሎጂስት ጋ ካርድ አውጣ፤ የወሰድካቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ሰብስብ፤ ካልጣልካቸው። የ3 ቀኑን ወረቀት ደግሞ ቀጠሮህ ሳይደርስ ጀምረው። ኃይላንዱን ስትቆርጥ ጠርዙን በላይተር አለስልሰው፤ እኔን ቆርጦኛል።