ከፓርቲው መስመር የወጣ ተመራጭ ከሃዲ ነውን?

ጥያቄ፦ በአንድ ፓርቲ ስም የተመረጡ ፖለቲከኞች በወሳኝ ጉዳዮች ላይ ከተፎካካሪው ወገን ጋር ሲቆሙ አያለሁ፤ ታማኝነታቸው ለማን እንደሆነም ግራ ይገባኛል። የኅሊና ሰዎች ልንላቸው ይገባል ወይስ ከሃዲዎች?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ግራ መጋባትዎ ተገቢ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች በአንድ ስም እየተጠሩ ነውና። በአንድ ሕግ ላይ ከፓርቲ መስመር ወጥቶ ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ በአንዱ ፓርቲ ስም የተገኘን ወንበር ይዞ ወደ ሌላው መሻገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ለመጀመሪያው የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ላንሳ። ወግ አጥባቂ ፓርቲያቸው የባለመሬቶች መከታ ነበር፤ እርሳቸው ግን የአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ወድሞ ረኀብ በገባ ጊዜ፣ ከውጭ በሚመጣ እህል ላይ የተጣለው ከባድ ቀረጥ እንዲነሳ እ.ኤ.አ. በ1846 ለፓርላማ አቀረቡ። ከራሳቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስለተቃወሟቸው፣ ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት 327 ለ229 ያለፈው በተፎካካሪዎቻቸው ድጋፍ ነበር። ሕጉ የላይኛውን ምክር ቤት ባለፈበት በዚያው ሌሊት፣ ያኮረፉት የፓርቲያቸው አባላት በሌላ ረቂቅ ላይ ከተቃዋሚዎች ጋር አብረው ጣሏቸው፤ በቀናት ውስጥም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፓርቲው ቀረጡን እንደሚጠብቅ ለመራጮቹ ቃል ገብቶ ስለነበር የከሳሾቻቸው ቅሬታ መሠረት አልነበረውም አልልም። ሆኖም በአደባባይ ተናግሮ፣ ሥልጣኑን አሳልፎ የሰጠን ሰው ከሃዲ ለማለት አፌን አይሞላውም።

ወንበር ይዞ መሻገር ግን ያሳስበኛል። በሕንድ ሃርያና ግዛት ጋያ ላል የተባሉ ተመራጭ እ.ኤ.አ. በ1967 በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ቀይረዋል። አገሪቱ በ1985 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ፓርቲውን የተወ ተመራጭ ወንበሩን እንዲያጣ ደነገገች፤ ነገር ግን ከፓርቲው ትእዛዝ ውጭ ድምፅ የሰጠውንም አብራ ስለቀጣች፣ በእኔ እምነት ወላዋዩን ስታስር ኅሊናውን የሚከተለውንም አብራ አስራለች።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪታንያዊው የፓርላማ አባል ዳግላስ ካርስዌል ከወግ አጥባቂዎች ወደ ዩኬአይፒ (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ ይታገል ወደነበረው ፓርቲ) ሲሻገሩ ሕግ ሳያስገድዳቸው ወንበራቸውን ለቀቁ፤ የምርጫ ክልላቸው የክላክተን መራጮችም በማሟያ ምርጫ በአዲሱ ፓርቲያቸው ስም መልሰው መረጧቸው።